ልጆች በሞተር ሳይክል ትሪያል፦ ፍትሑ የሚለየው ምዝገባው ላይ ነው

ትሪያልን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ግራ ይጋባል። ሞተር ሳይክል አለ፣ ውድድር አለ፣ የሚሽቀዳደም ግን የለም። ተወዳዳሪዎቹ ተራቸውን ጠብቀው አንድ በአንድ፣ በድንጋይ፣ በጭቃ፣ በዛፍ ሥርና በቁልቁለት መሀል በተከለለ አጭር መንገድ ያልፋሉ። ይህ የተከለለ መንገድ ሴክሽን ይባላል። ዳር ላይ የቆመው ዳኛ ዓይኑን የሚተክለው ነጂው እግር ላይ ነው።

ሞተሩም ከምናውቀው ይለያል። መቀመጫ የለውም ማለት ይቻላል፤ ነጂው ከመግቢያው እስከ መውጫው ቆሞ ነው የሚነዳው። ድንጋዩን እንዲጨብጥ የጎማው አየር እጅግ ይቀነሳል። ነጥቡ ደግሞ እንዲህ ይቆጠራል። እግር ሳያወርዱ መጨረስ ዜሮ ነው። አንዴ መርገጥ 1፣ ሁለቴ መርገጥ 2፣ ሦስቴና ከዚያ በላይ መርገጥ 3 ነው። የወደቀ ወይም ከመስመሩ የወጣ 5 ይያዝበታል። እዚህ ነጥብ ዕዳ ነው፤ ትንሽ የያዘ ያሸንፋል። ሁለት ሰዎች እኩል ከሆኑ ብዙ ዜሮ ያለው ይቀድማል።

ፍጥነት ስለሌለበት ብዙ ወላጆች ልጃቸውን የሚያስጀምሩት እዚህ ነው፤ ትክክልም ናቸው። ሚዛን፣ ትዕግሥት፣ የፍሪሲዮንና የጋዝ አጠቃቀም በዚህ ስፖርት እንደሚለመደው ሌላ ቦታ አይለመድም። ችግሩ ሌላ ነው። ድንጋዩ ለሁሉም አንድ ነው፣ ዳኛው ለሁሉም አንድ ነው፣ ስለዚህ ውድድሩ ፍትሐዊ ነው ብለን እንገምታለን። ከልጆች ጋር ሲሆን ይህ ግምት ይፈርሳል። ማን ከማን ጋር፣ በምን ሞተር፣ በየትኛው መስመር እንደሚወዳደር የሚወሰነው በምዝገባው ደንብ ነው። ደንቡ ከተሳሳተ ሴክሽኑ ላይ የቆመው ዳኛ፣ ቅን ቢሆን እንኳ፣ የሚያስተካክለው ነገር የለም።

እግሯ የማይደርስ ልጅ

አንድ ጊዜ ካየሁት ልነሳ። የዘጠኝ ዓመት ገደማ ልጅ ሴክሽኑ መግቢያ ላይ ቆማለች። ሞተሩ የታላቅ ወንድሟ ነው፤ ለእሱ የተገዛ። ቆማ ስትነዳ ምንም አይልም፤ መሪውን በደንብ ይዛለች፣ ጉልበቷ ልል ነው፣ ዓይኗ ወደፊት ነው። ግማሽ መንገድ ላይ መሬቱ ወደ ግራ ያዘነብላል። ሞተሩ ትንሽ አጋደለ። ረዘም ያለ ልጅ ቢሆን ግራ እግሩን አውርዶ መሬቱን ነካ አድርጎ ይቀጥላል፤ 1 ነጥብ። እሷም እግሯን ዘረጋች፤ የጫማዋ ጫፍ አየር ላይ ቀረ። በዚያ በኩል መሬቱ የለም። ወደቀች፤ 5።

ሁለቱም የሠሩት ስህተት አንድ ነው፣ ሁለቱም ሚዛናቸውን የሳቱት በእኩል ደረጃ ነው። ልዩነቱን ያመጣው የእግር ርዝመት ነው። በትሪያል እግር ማውረድ ቅጣት ብቻ አይደለም፤ መዳኛም ነው። ይህን መዳኛ ልጁ እንዲያገኝ ሞተሩ ከቁመቱ ጋር መመጣጠን አለበት። ስለዚህ «ከ10 ዓመት በታች» ብሎ መከፋፈል ብቻውን አይበቃም፤ ልጁ በሁለቱም በኩል መሬት መንካት የሚችልበት ሞተር ላይ መሆኑ ከመነሻው በፊት መታየት አለበት። ጊዜ የሚፈጅ ነገር አይደለም። ልጁ ሞተሩ ላይ ቆሞ፣ ከዚያ እግሩን ያወርዳል፤ አንድ ሰው ያያል።

የጎማው መጠንም ከዚህ አይተናነስም። ቁመቱ 30 ሳንቲሜትር የሆነ ድንጋይ አስቡ። የአዋቂ ትሪያል ሞተር የፊት ቸርኬ 21 ኢንች ነው። ጎማው ሲጨመርበት ከመሬት እስከ ቸርኬው መሀል ያለው ከፍታ ወደ 34 ሳንቲሜትር ነው። ድንጋዩ ከዚያ በታች ስለሆነ ጎማው ሲገፋ ተንከባሎ መውጣት ይችላል። ትንሿ የልጆች ሞተር፣ 16 ኢንች ያለው፣ ያው ከፍታ ከ25 ሳንቲሜትር ብዙም አይዘልም። ለእሷ ድንጋዩ ግድግዳ ነው፤ ምንም ያህል ጋዝ ቢሰጥ ጎማው አይወጣውም፣ ፊቷን ማንሳት ግድ ይላል። አዋቂው «ቀላል ናት» ብሎ ያለፋት ድንጋይ ለልጁ ሌላ ዓይነት ጥበብ ትጠይቃለች። ለልጆች የሚሠራ መስመር የአዋቂውን መስመር በማሳጠር አይሠራም። መስመሩን የሚያወጣው ሰው ትንሿን ሞተር አጠገቡ አቁሞ፣ ድንጋዩን በእሷ ቸርኬ መለካት አለበት።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ስህተት አለ፤ ስለሚደጋገም ልናገረው። ብዙ ሰው የሞተሩን ሲሲ (የሲሊንደሩን ይዘት) እንደ አካሉ መጠን ይቆጥረዋል። «125 ትንሽ ሞተር ነው፣ ለ12 ዓመት ልጅ ይሆናል» ይባላል። ነገር ግን ብዙ አምራቾች 125ቱን የሚሠሩት ለትልልቆቹ ሞተሮች በሚጠቀሙበት አካል ላይ ነው። ክብደቱ ወደ 70 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከ250ው የሚለየው በጥቂቱ ነው። 35 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በዚያ ላይ ሲወጣ የራሱን እጥፍ የሚያክል ነገር እያነሳና እያጋደለ ነው። 80 ኪሎ የሆነ አዋቂ ግን ከራሱ የሚቀል ሞተር ነው የሚይዘው። ደንቡ ሲሲ ላይ ብቻ ከቆመ፣ ሰውነቱ ቀድሞ ያደገው ልጅ ዓመቱን ሙሉ ያሸንፋል፤ ያላደገው ደግሞ ችሎታ የሌለው ይመስለዋል። ብዙ ልጆች ይህን ስፖርት የሚተዉት በዚህ ዕድሜ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከትንሿ ሞተር ወደ ትልቁ ሲሸጋገሩ።

ዕድሜ የሚቆረጥበት ቀን

ዕድሜ ሲከፈል አንድ ቀን ተመርጦ «በዚህ ቀን ስንት ዓመትህ ነው?» ይባላል። በብዙ ስፖርት ቀኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 1 ነው። ጃንዋሪ 3 የተወለደና በዚያው ዓመት ዲሴምበር 28 የተወለደ ልጅ አንድ ምድብ ውስጥ ይገባሉ፤ በመካከላቸው ግን አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀን የቀረው ልዩነት አለ። ለ30 ዓመት ሰው ይህ ምንም አይደለም። ለ8 ዓመት ልጅ ከዕድሜው አንድ ስምንተኛ ነው። የካናዳው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮጀር ባርንስሊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 በካናዳ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ላይ ይህን አሳይተዋል፤ በዓመቱ መጀመሪያ ወራት የተወለዱት በከፍተኛ ቡድኖች ውስጥ ከሌሎቹ በዝተው ተገኙ። ትልልቆቹ ይመረጣሉ፣ ሲመረጡ የተሻለ ሥልጠና ያገኛሉ፣ ከዚያ እውነትም የተሻሉ ይሆናሉ።

ቀኑን ወደ ሌላ ወር ማዛወር ጉዳቱን ወደ ሌሎች ልጆች ማዛወር ብቻ ነው። የሚረዳው ዕድሜን ብቻውን ዳኛ አለማድረግ ነው፤ ትሪያል ደግሞ ለዚህ ከብዙ ስፖርት ይበልጥ ይመቻል። በአንድ ሴክሽን ውስጥ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት መስመሮች ይዘረጋሉ፤ እያንዳንዱ በቀለም ምልክት ይለያል፤ የቀለሙ ትርጉም ከአገር አገር ይለያያል። ቀላሉ መስመር ድንጋዩን ዞሮ ያልፋል፣ ከባዱ በላዩ ይወጣል። የ11 ዓመት ጀማሪና የ8 ዓመት ጎበዝ አንድ ቦታ፣ አንድ ቀን፣ የየራሳቸውን ልክ ይነዳሉ። ስለዚህ የምዝገባው ቅጽ ሁለት ነገር ለየብቻ ቢጠይቅ ይሻላል። ዕድሜና የሞተር ዓይነት ለደኅንነት ናቸው፤ ወለልና ጣሪያ ያበጃሉ። ከማን ጋር እንደሚወዳደር የሚወስነው ግን መስመሩ፣ ማለትም ችሎታው፣ ይሁን።

እዚህ ላይ «ለማሸነፍ ብሎ ዝቅ ያለ መስመር የሚመርጥ አይኖርም?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ምርጫው የወላጅ ነው እንጂ የልጁ አይደለም። መድኃኒቱ ከወቅቱ በፊት የተጻፈ የመሸጋገሪያ ደንብ ነው፤ ለምሳሌ በአንድ መስመር በተከታታይ የተወሰነ ጊዜ ያሸነፈ ወደ ላይ ይወጣል የሚል። ከዚያ የሚበልጠውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን የመውረጃው በር ነው። ወደ ከባዱ መስመር ወጥቶ የፈራ፣ ወይም ክፉኛ የወደቀ ልጅ፣ በወቅቱ መሀል ማንንም ሳይለምን ዝቅ ማለት መቻል አለበት። መውረጃ የሌለው ደንብ ልጆችን ለመውጣት እንዲፈሩ ያደርጋል። አንዳንዶቹም ከሚችሉት በላይ የሆነ ድንጋይ ላይ ይገኛሉ፤ ያኔ ነገሩ የፍትሕ ብቻ ሳይሆን የአጥንት ጉዳይም ይሆናል።

የሴት ልጆች ምድብ ላይ ሐሳቤ አጭር ነው። ይኑር፤ ግዴታ ግን አይሁን። ዓለም አቀፉ የሞተር ሳይክል ፌዴሬሽን የሴቶችን የትሪያል የዓለም ሻምፒዮና የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። የመጀመሪያዋ አሸናፊ ካታሎናዊቷ ላያ ሳንስ ስትሆን ያኔ ገና 14 ዓመቷ ነበር። በጠቅላላው 13 ጊዜ ሻምፒዮን ሆናለች። የራስ መድረክ መኖሩ እንዲህ ያለ ሰው ያወጣል። ግን አንዲት የ10 ዓመት ልጅ ከወንዶቹ ጋር መንዳት ከፈለገች፣ በዚያ ዕድሜ የሰውነት ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ፣ የሚከለክላት ምክንያት የለም። ሁለቱንም ትምረጥ።

አጃቢው

በትሪያል ከነጂው ጎን የሚሄድ አጃቢ አለ። በትልልቆቹ ውድድሮች አጃቢው የሠለጠነ ሰው ነው፤ መስመር ይጠቁማል፣ ሰዓት ይነግራል፣ አደገኛ ቦታ ላይ ሞተሩን ለመያዝ ይዘጋጃል። ሞተሩን ወይም ነጂውን ከነካ ለነጂው 5 ይመዘገባል። ልጆች ላይ ሲመጣ አጃቢው አብዛኛውን ጊዜ አባት ወይም እናት ነው፤ ስለዚህ ስለ ሞተር ጥራት ከምናወራው የማይተናነስ ልዩነት እዚህ ይፈጠራል። የአንዱ ልጅ አባት ሃያ ዓመት ትሪያል የነዳ ነው፤ ሴክሽኑን በእግሩ ሄዶ አይቶ «እዚህ ጋዝ ቀንስ፣ እዚያ ክብደትህን ወደ ኋላ» ይለዋል። የሌላዋ እናት ሞተር ነድታ አታውቅም። ሦስተኛው ልጅ የመጣው ከጎረቤት ጋር ነው፤ ጎረቤቱ የራሱን ልጅ ይዟል። ነጥብ መዝጋቢው ወረቀት ላይ ግን ሦስቱም እኩል ናቸው።

አንዳንዶች መፍትሔው አጃቢን መከልከል ነው ይላሉ። አልስማማም። 6 ዓመት የሆነው ልጅ ዳገት ላይ ሲገለበጥ ሞተሩን የሚይዝለት ትልቅ ሰው መኖር አለበት፤ ይህ ለድርድር አይቀርብም። መለየት ያለበት መያዝና መምራት ነው። መያዝ ለሁሉም ይፈቀድ፣ ቅጣቱም 5 ይሁን፣ ማንም ለ5 ነጥብ ሲል ልጅ እንዳይጥል ዳኛው አስቀድሞ ለወላጆች ይንገር። መምራት ግን ልጁ ሴክሽኑ ውስጥ ከገባ በኋላ ይቁም። ከመግባቱ በፊት አብረው በእግር ይሂዱ፣ ይነጋገሩ፣ ያሳዩት፤ ሞተሩ የመግቢያውን ምልክት ካለፈ በኋላ ዝምታ። ይህ ደንብ ለልጁም ይጠቅመዋል። ሴክሽን ውስጥ ሦስት ሰው «ጋዝ! ጋዝ!» ሲጮህበት ልጁ ድንጋዩን ማንበብ ትቶ ድምፅ መስማት ይጀምራል። አጃቢ ለሌለው ልጅ ደግሞ አዘጋጁ ሰው ይመድብለት፤ በዕለቱ ጠዋት የሚለመን ውለታ ሳይሆን ቅጹ ላይ «አጃቢ ያስፈልገኛል» የሚል ሣጥን ይኑር።

ሴክሽን ውስጥ ሞተሩን ለአፍታ ማቆም ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለውም አስቀድሞ ይጻፍ። ፌዴሬሽኑ እ.ኤ.አ. በ2013 በዓለም ሻምፒዮናው ላይ ሳይቆሙ የመንዳትን ደንብ ሲያስገባ ትልቅ ክርክር ተነስቶ ነበር፤ ምክንያቱም ጎማው ቆመ አልቆመም የሚለው የዳኛው ዓይን ነገር ነው። ለትንንሾቹ መቆም ቢፈቀድ ይሻለኛል። ጀማሪ ልጅ ቆሞ ማሰብ ያስፈልገዋል፤ ዳኛውም ከመጨቃጨቅ ይድናል።

ስንት ልጅ፣ ማን ቀድሞ

«ለምን ሁሉም አይመዘገብም?» ለሚለው መልሱ ሒሳብ ነው። የተለመደውን ቅርጽ እንውሰድ፤ 10 ሴክሽን፣ 4 ዙር። 100 ልጅ ከተመዘገበ እያንዳንዱ ሴክሽን በቀኑ 400 ጊዜ ይነዳል። ለአንዱ አንድ ደቂቃ ብንሰጥ 400 ደቂቃ፣ ማለት 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው፤ ያውም ማንም ሳይወድቅ፣ ዳኛውም ውኃ ሳይጠጣ። በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ ሴክሽን ቢያንስ አንድ ዳኛ ያስፈልጋል፣ እሱም በጎ ፈቃደኛ ነው። ለትንንሾቹ ዙሩን ወደ 3 ወይም 2 መቀነስ ከመከልከል ይሻላል፤ ሰውነታቸውም ከዚያ በላይ አይችልም።

ቦታ ሲጠብ አብዛኛው አዘጋጅ ቀድሞ ለመጣ ይሰጣል። ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። ምዝገባው በሥራ ቀን ቀትር ላይ ተከፍቶ በአንድ ሰዓት የሚሞላ ከሆነ የሚገቡት ኮምፒውተር ፊት የሚውሉ ወላጆች ልጆች ናቸው። የፈረቃ ሠራተኛ ልጅ ይቀራል። በስኮትላንድ የሚካሄደው፣ ሥሩ ወደ 1909 እ.ኤ.አ. የሚመዘዘው የስድስት ቀኑ ትሪያል፣ ተመዝጋቢው ከቦታው ስለሚበልጥ ዕጣ ያወጣል። ለልጆችም ለሳምንት ያህል ምዝገባ ከፍቶ፣ ከዚያ በየመስመሩ ዕጣ ማውጣት ይቻላል። ባለፈው በዕጣ የቀረ በሚቀጥለው ይቅደም። ጀማሪዎች የተቀመጠ ቦታ ይኑራቸው፤ ካልሆነ ክለቡ ውስጥ ያሉት እየተመላለሱ ይሞሉታል፣ አዲስ ልጅ በሩን አያገኘውም።

የወላጅ ፈቃድ፣ ኢንሹራንስ፣ ገመዱ ከእጅ ሲነቀል ሞተሩን የሚያጠፋው ማጥፊያ፣ ከልጅ ጋር ብቻውን የሚቀር አዋቂ እንዳይኖር የሚል ደንብ፤ እነዚህ ክርክር የላቸውም፣ ሁሉም መሟላት አለባቸው።

ድጋፉ ከደንቡ አይነጠል

ድጋፍ ሲባል ሰው ወዲያው ገንዘብ ያስባል። ገንዘብ ያስፈልጋል። ግን የልጆች ትሪያል ትልቁ ወጪ ምዝገባ ሳይሆን ማደግ ነው። ልጁ ያድጋል፣ ሞተሩ አያድግም። በየሁለት ዓመቱ ገደማ ሞተር፣ በየዓመቱ ቡት ጫማ መቀየር አለበት። ስለዚህ በጣም የሚጠቅመው ድጋፍ የክለብ ሞተሮች ናቸው፤ በየመጠኑ አንድ ሁለት፣ ለወቅቱ የሚያዙ፣ ሲያንሱ የሚመለሱና በከፍተኛው የሚቀየሩ። ቡትና ጓንትም እንዲሁ ይዞራል። ሄልሜት ግን ታሪኩ ሳይታወቅ ከእጅ ወደ እጅ መዞር የለበትም፤ ከባድ ምት የቀመሰ ሄልሜት ውጪው ሳይሰነጠቅ ውስጡ ያበቃለት ሊሆን ይችላል።

የኤሌክትሪክ ሞተሮች እዚህ ብዙ ቀይረዋል። ለጀማሪ ፍሪሲዮንና ማርሽ የለባቸውም፣ ኃይላቸው በቁልፍ ይቀነሳል፣ ጎረቤት የሚያስቆጣ ድምፅ የላቸውም። ደንቡ ላይ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። ፍሪሲዮን እየተማረ ያለው የ80 ሲሲ ነጂና ጋዝ ብቻ የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ነጂ በአንድ ሰንጠረዥ ሲቀመጡ የሚለኩት በተለያየ ሥራ ነው። በትንንሾቹ ዕድሜ ለየብቻ ቢመዘገቡ ይሻላል። ባትሪው ቀኑን ለማይዝለት ልጅ ደግሞ በዙሮች መሀል ኃይል መሙያ ቦታ ይዘጋጅ፤ ተለዋጭ ባትሪ መግዛት የቻለ ብቻ እንዳይጨርስ።

የምዝገባ ክፍያ ምሕረትም በቅጹ ላይ አንድ መስመር ይሁን፤ ማስረጃ የማይጠየቅበት፣ ከአንድ ሰው በቀር ማንም የማያየው። ልጅ በጓደኞቹ ፊት «የነጻው» ተብሎ ሲጠራ አንዴ ከሰማ አይመለስም።

ቅሬታ የሚቀርብበት ሰዓትም ይጻፍ፤ ውጤቱ ከተለጠፈ በኋላ ለምሳሌ 30 ደቂቃ። ቅሬታው ለዳኛው ሳይሆን ለውድድሩ ኃላፊ ይቅረብ፤ ከልጁ ፊትም ራቅ ተብሎ። ዳኛው ብዙ ጊዜ የሌላ ልጅ ወላጅ ነው፣ ዝናብ ላይ ስድስት ሰዓት የቆመ። የራሱ ልጅ ሴክሽኑ ላይ ሲደርስ የነጂውን የነጥብ ካርድ የሚበሳበትን መብሻ ለአንድ ደቂቃ ለሌላ ሰው ይስጥ፤ ልጁ ሲያልፍ ካርዱን ያ ሰው ይበሳ።